ቀለሟን አይተህ አትግዛ
ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከእናትህ ጉልበት በቀር ደህና ነን። ሲያትል፣ ዩኒየን ሐይቅ ላይ የምትኖርባት የሸራ ጀልባ ልትገዛ መሆኑን እህትህ ነገረችን። እናትህ ከዚያ ወዲህ እህል በቅጡ አልቀመሰችም። እኔ የምታማርጣቸውን የሁለቱንም ጀልባዎች ፎቶ በመነጽር አየሁ። የመጀመሪያዋ፣ የፕላይውዷ፣ ቀለሟ ያምራል። ቀለሟን አይተህ አትግዛ።

እናንተ ፕላይውድ የምትሉት የእኛ ኮምፔንሳቶ ነው። ሻጩ «ቢኤስ 1088 ነው»፣ የእንግሊዞችን የጀልባ ፕላይውድ ደረጃ ያሟላል፣ አለህ አይደል? እውነቱን ቢሆን እንኳ ኮላው አይለቅም ማለት እንጂ እንጨቱ አይበሰብስም ማለት አይደለም። ትሉን ብትተወው ጨው እንጨት ያቆያል፤ ጠላቱ ዝናብ ነው፤ የሲያትልን ዝናብ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። በብሎን ቀዳዳና በተቆረጠ ጠርዝ ገብቶ ይተኛል። ላይዋን በድሮ ፖሊስተር ሙጫና ፋይበርግላስ ከለበጧት ይብሳል፤ ልባሱ ከእንጨቱ ይላቀቅና ውሃ ያቁራል። ከውጭ ሙሽራ ነች።

የክርስትና አባትህ እግር የጦርነት ቁስል አይደለም። እስከ ዛሬ የዋሸው ለእኔ ሲል ነው። በ1976 ምጽዋ ሳለን፣ የአንዲት ኮምፔንሳቶ ጀልባ ሞተር የሚታሰርበት የኋላ ጣውላ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ በስብሶ አገኘሁት። ቆርጦ መተካት የሁለት ቀን ሥራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለፋሲካ ቸኩያለሁ። ስቱኮ ሞላሁና ቀባሁት። እሱ ይዟት ወጣ። ሞተሩ ጣውላውን ገንጥሎ እግሩ ላይ ወደቀ። ያን ሰዓት እኔ እናትህ ቤት ዶሮ እየበላሁ ነበር።

ሁለተኛዋ፣ በፈረንጅ 1974 የተሠራችው ፋይበርግላስ፣ ትሻላለች፤ ገላዋ አይበሰብስም። ግን ከውሃ አስወጥተህ ሆዷን እይ። ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ ሻጩን አስፈቅደህ አንዱን ብሳው፤ ዓይንህን ጠብቅ፣ ይረጫል። አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ውሃ ሰርጓል። በዚያ ዋጋ ታስቀንሳለህ እንጂ ወዲያው አያሰጥምህም። ይልቅ የምትረግጠውን ወለል ፍራ፤ በላይና በታች ባለው የፋይበርግላስ ልባስ መሃል ብዙ ጊዜ የባልሳ እንጨት አለ። ምሰሶው ሥርና ብሎን ባለበት ሁሉ በካቻቪቴ እጀታ አንኳኳ። ጥርት ካለ ደህና፤ ድፍን ካለ ተመለስ። ቀለሟን አይተህ አትግዛ!

አስቀድመህ የሕይወት ጃኬት ግዛ። አንተ ዋና የምታውቀው ላንጋኖ፣ ያውም እስከ ወገብህ ነው።

ስታንኳኳ ደውልልኝ። ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጠው፤ ድምፁን ልስማው።

አባትህ