እከክ ይሁን ጭርት ሳትለዪ መድኃኒት አትግዢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? የባሕር ዳር ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ነጯ ጊኒ ፒግሽ (ያቺ ጥንቸል መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ) በኋላ እግሯ ስታክክ ቆይታ በድንገት ተንፈራግጣ በጎኗ የወደቀችበትን አስተውለሻል? ያ ጨዋታ አይደለም። ማሳከኩ ሲብስባቸው የሚጥል በሽታ የያዛቸው ይመስል ያንቀጠቅጣቸዋል። ቆዳዋ በተነካ ቁጥር ሊነሣባት ስለሚችል መድኃኒቱ እስኪሠራ አትጠቢያት፣ አታበጥሪያት፤ የጎረቤት ልጆችም አይቀፏት።

እኔ እንደማየው እከክ ነው። ትሪክሳካሩስ የሚባል በዐይን የማይታይ ተባይ ቆዳ ውስጥ እየቦረቦረ እንቁላል ይጥላል፤ ትከሻዋ ላይ ያለው ቢጫ ቅርፊትና የወፈረ ቆዳ ከዚያ የመጣ ነው። ግን አረጋግጪ። ፀጉሯን በጣትሽ ገለጥ አድርገሽ መስኮት አጠገብ እዪ። ገርጣ ያለ ቀጭን ነገር በፀጉሩ መሐል ሲሄድ ካየሽ ቅማል ነው፣ እሱ ቀላሉ ነው። አፍንጫዋና ዐይኗ ዙሪያ ተመልጦ ፎረፎር ካወጣ፣ እምብዛም ካላሳከካት ጭርት ሊሆን ይችላል። ጭርት ፈንገስ ስለሆነ የእከክ መርፌ ምንም አያደርገውም፤ ወደ ሰውም ይተላለፋልና ጓንት አድርጊ። ሐኪሙ ቆዳዋን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ምንም ባያገኝ እንኳ እከክ የለባትም ማለት አይደለም፤ ተባዩ ጠልቆ ስለሚገባ ብዙ ጊዜ ያመልጣል።

አሁን ዋናው ነገር። መድኃኒቱ አይቨርመክቲን ነው፤ እዚያ የምታገኚው ግን ለከብት የተዘጋጀው 1 በመቶ ነው፣ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ያለው። መጠኑ ለ1 ኪሎ ክብደት ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ነው። ነጯ 900 ግራም ብትሆንና በኪሎ 0.4 ብንይዝ 0.36 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.036 ሚሊ ሊትር ይደርሳታል። በኢንሱሊን ሲሪንጅ አራት መስመር እንኳ አይሞላም! እጅ ትንሽ ቢስት መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ 1 ሚሊ ሊትር ቢሰጣት ደግሞ ከ27 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ፕሮፒሊን ግላይኮል በሚባል ማቅጠኛ ፈሳሽ አሥር እጥፍ ያቅጥንልሽ፤ ያኔ 0.36 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ በደንብ ይለካል። በውሃ እንዳይቀጥን፣ አይዋሐድም። ጠርሙሱ ላይ ያለውንም አንብቢ፦ ጣና ዳር የጉበት ትል ስለሚበዛ ለከብቱ ክሎርሱሎን የተቀላቀለበት ይሸጣል፤ እሱን ተዪው።

መርፌው ከቆዳ ሥር ነው፣ በ10 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ። አንዴ ተወግታ ማከኳን ስታቆም ይተዉታል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያገረሻል። መድኃኒቱ እንቁላሉን አይገድልማ! አብራት የምትኖረው ጥቁሯም ባታክክም አብራ ትወጋ። በየመርፌው ቀን ሰጋቱራውንና ድርቆሹን ጠቅልለሽ አውጪ፣ የእንጨት ጎጇቸውንም በፈላ ውሃ እጠቢ።

ጎረቤትሽ ያለችሽን የበግ ማጥለቂያ ዲያዚኖን በጭራሽ! ትልሳዋለች፣ ይመርዛታል። ቆዳዋ ቆስሎ መግል ቢይዝ ደግሞ አሞክሲሲሊን እንዳትሰጫት፤ የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ በተቅማጥ ይገድላታል። ለሰው ተራ መድኃኒት ስለሆነ ማንም ሊያቀብልሽ ይችላል።

እከኩ ተደብቆ ቆይቶ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ሰውነታቸው ሲደክም ነው፣ አንዱም ምክንያት የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። እንደ እኛው ራሳቸው አይሠሩትም። በቀን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ያስፈልጋቸዋል፣ ሲታመሙ ከ30 በላይ። ክኒኑን ውሃ ውስጥ አትጨምሪ፤ ቶሎ ይበላሻል፣ ጣዕሙን ጠልተውም ውሃ ያቆማሉ። ባሕር ዳር ተቀምጠሽ ምን ክኒን ያስፈልግሻል? 20 ግራም ያህል የዘይቱን ፍሬ (ጓቫ) ለእያንዳንዳቸው በየቀኑ ቁረጪላቸው፣ ከድርቆሹ ጋር። ድርቆሹ ብቻ አይበቃቸውም።

የሁለቱንም ክብደት በወጥ ቤት ሚዛን ዛሬ ማታ መዝነሽ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ ከመወጋታቸው በፊት አብረን እናሰላዋለን። ቆዳ ተፍቆ የሚደረገውን ምርመራ ነገ ጠዋት አሠሪ።

አባትሽ