የደሴን ሌሊት የማያውቅ ዘበኛ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ሥራ ላይ ነኝ። ሰሞኑን ባንኩም፣ ፋብሪካውም፣ ዩኒቨርሲቲውም የሳይበር ጥቃትን በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ከመረጃ ራሱ በሚማር ፕሮግራም፣ ስለመከላከል እያነሳ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ቴክኖሎጂው ያስፈልገናል። አንድ ጥያቄ ግን ሲነሳ አልሰማም። ማሽኑ የሚማረው ከማን ነው?

የቆየው አንቲቫይረስ የታወቁ ሌቦችን ፎቶ እንደያዘ ዘበኛ ነው። የመጣውን ሁሉ ከፎቶው ጋር ያስተያያል። ፎቶው እጁ ላይ የሌለውን ሌባ ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ሌላ ዓይነት ዘበኛ አለ። እሱ የግቢውን ሰው ልማድ ያውቃል። ማን ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ማን ምን ይዞ እንደሚገባ አይቷል። ከዚያ ወጣ ያለ ነገር ሲያይ ያስቆማል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ ተመራማሪዋ ዶሮቲ ዴኒንግ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ አስቀምጠውታል። ዛሬ ማሽን ለርኒንግ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ልማዱን ከብዙ መረጃ ይማራል፣ ያፈነገጠውን ይለያል።

ጥቅሙን ለማየት መጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ደንበኞች፣ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሌሊት ሒሳባቸው ላይ ካለው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ችግሩ የሲስተም ብልሽት እንደሆነ ገልጿል። ቫይረስ የለም፤ ካርዱም የደንበኛው የራሱ ነው። የቫይረስ ፎቶ የያዘ ዘበኛ እዚያ ላይ ምንም አያገኝም። ልማድ የሚያውቅ ግን በአንድ ሌሊት ያን ያህል ተማሪ ኤቲኤም ጋ ሲሰለፍ ግራ ይገባዋል። እንዲህ ባለ ነገር እያንዳንዱ ደቂቃ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ልማድ ካልን፣ የማን ልማድ? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ሰው በሌላ አገር መረጃ ለሠለጠነ ሞዴል፣ ማለትም ልማዱን ተምሮ ለሚለይ ፕሮግራም፣ ያጠራጥራል። በረመዳን ደሴ ላይ ግን በዚያ ሰዓት ከተማው ነቅቷል። ሰው ለሱሑር ተነስቷል፤ ስልኩም እጁ ላይ ነው። ለወራት ምንም ያልተንቀሳቀሰ ሒሳብ ውስጥ በድንገት ከውጭ ብዙ ገንዘብ ገብቶ በማግሥቱ ቢወጣ፣ ሞዴሉ ማጭበርበር ነው ይላል። እኛ ግን እናውቃለን፤ ልጇ ዓረብ አገር የሄደችባት የወሎ እናት ሒሳብ እንዲያ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያ ሒሳብ በስህተት ቢታገድ ከኩታበር ደሴ ድረስ የምትመላለሰው እሷው ናት። ይህ ነገር እውነት ለመናገር እንቅልፍ ይነሳኛል። መከላከያው ራሱ የሚጎዳት እሷን ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

ሌላም አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ እኩል ይነሳሉ። እኩል ሰርቨሩን ይጠራሉ፤ እኩል አፕዴት ይጠይቃሉ። ይህን አይቶ ለማያውቅ ሞዴል ሰርቨሩ በጥያቄ ብዛት እየተጨናነቀ፣ ማለትም እየተጠቃ ይመስለዋል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ አገልግሎት ተቋርጦ ሲመለስ የነበረውን ግርግርማ አልጠራውም።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ርዕስ የተሠሩ የማስተርስ ጽሑፎችን ማንበብ እወዳለሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ግን ብዙዎቹ ሞዴላቸውን የሚያሠለጥኑት ኬዲዲ 99 በሚባለው መረጃ ወይም ከሱ በወጣው ኤንኤስኤል-ኬዲዲ ነው። ኬዲዲ 99 የተወሰደው በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ የአየር ኃይል ኔትወርክ አስመስለው ከሠሩት ሙከራ ነው። ያኔ ቴሌግራም የለም፤ ቴሌብርም የለም። በ2009 እ.ኤ.አ. መረጃውን የፈተሹ ተመራማሪዎች ከማሠልጠኛው ክፍል 78 ከመቶ ያህሉ ድግግሞሽ መሆኑን አሳይተዋል። ኤንኤስኤል-ኬዲዲ የመጣው ያንን ለማጽዳት ነበር። ድግግሞሹ ጸዳ፤ ዘመኑና ቦታው ግን ያው ነው። በዚህ ላይ 99 ከመቶ ውጤት ማምጣት ለመመረቂያ ይበቃል። ለኮምቦልቻ ባንክ ቅርንጫፍ አይበቃም።

99 ከመቶ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ እንየው። አንድ ተቋም በቀን 1,000,000 የኔትወርክ ግንኙነት አለው እንበል። ከዚያ ውስጥ እውነተኛ ጥቃት 10 ብቻ ነው። ሞዴሉ ከመቶ አንዴ ብቻ ይሳሳታል። እንዲያም ሆኖ በቀን ወደ 10,000 የሚጠጋ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሁለት ባለሙያዎች 8 ሰዓት ሙሉ ከወንበር ሳይነሱ ቢያዩት ለአንዱ 6 ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። በስዊድን ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ስቴፋን አክሰልሰን ይህን ችግር በ1999 እ.ኤ.አ. በስሌት አስረድቶታል። በሥራ ላይ የሚሆነው ደግሞ ይታወቃል፤ ሰው ይሰለቸዋል፣ ማስጠንቀቂያውን ይዘጋዋል። ስለዚህ ሶፍትዌር ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው «99 ከመቶ» ሲል፣ በቀን ስንት የሐሰት ማስጠንቀቂያ እንደሚያወጣ ጠይቁት።

ደግሞ እዚህ ሰውን በብዛት እየጎዳ ያለው ጥቃት የሚመጣው በስልክ ነው። «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ።» «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩን።» «ለእህቴ ልጅ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል የቴሌግራም ሊንክ። ሊንኩን የነካው ሰው አካውንቱ ይወሰድበታል፤ ከዚያ በሱ ስም ዘመዱ ሁሉ ብር ይጠየቃል። እንዲህ ያለውን መልእክት ከጤነኛው መለየት ለማሽን ለርኒንግ አዲስ ሥራ አይደለም። ኢሜይል ላይ ከ20 ዓመት በላይ ተሠርቶበታል። አማርኛው ግን የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ በሰ ይጽፋል፣ ሌላው በሠ። አንዱ ሀን፣ ሌላው ሐን ይመርጣል። ግማሹ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። ፊደሉን ወደ አንድ ማምጣት አንድ ጎበዝ ተማሪ የሚሠራው ነው። የጠፋው መልእክቱ ነው፤ ተሰብስቦ፣ «ይህ ማጭበርበሪያ ነው፣ ይህ አይደለም» ተብሎ የተለየ በሺህ የሚቆጠር የአማርኛ መልእክት።

እዚሁ ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ባንኮች አሉ። መምህራኑ ለመመረቂያ የሚሆን ርዕስ ሲሰጡ ከዚህ አካባቢ መረጃ የሚነሳ ቢያደርጉት ምኞቴ ነው። መሥሪያ ቤቶችም ሎጋቸውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ያስቀምጡ። ዲስክ ሲሞላ የሚያጠፉ ብዙዎች ናቸው፤ የጠፋ ሎግ ደግሞ ምንም አያስተምርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ እሱን አክብሮ መሥራት ይቻላል። ስምና ስልክ ቁጥር ይሰረዝ፣ ሰዓቱና የእንቅስቃሴው ዓይነት ብቻ ይቀመጥ። የደንበኛን ምስጢር ሳይነኩ ልማድን መማር ይቻላል።

ባንኮችን ለብቻ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ማሽን ያገደውን ሒሳብ በዚያው ቀን አይቶ የሚከፍት ሰው ቅርንጫፉ ላይ ይኑር። ለምን እንደታገደም ለባለሒሳቧ በሚገባት ቋንቋ ይንገራት። «ሲስተሙ ነው» ተብላ አትመለስ።

እናንተም ጋዜጣችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ብትሰጡ ጥሩ ነበር። አንባቢ የደረሰውን የማጭበርበሪያ መልእክት እንዳለ ይላክ፤ እናንተ ስሙንና ቁጥሩን ሰርዛችሁ በጋዜጣው ላይ አውጡት። ያላየው ሰው ይጠነቀቃል፤ ተማሪዎቹም የሚሠሩበት ያገኛሉ። እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ የሰበሰብኳቸው አሉ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ እነሱን በመላክ እጀምራለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ