የባልደረባ ነጥብ ይቅር፣ የባልደረባ ዓይን ይቆይ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣ የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመምህራንን የእርስ በርስ መማማር ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ስለመለየት

የተከበራችሁ የዘርፉ ኃላፊዎች፣

የዩኒቨርሲቲ መምህር ማስተማርን በአብዛኛው የሚማረው ሥልጠና አዳራሽ ገብቶ አይደለም። ከክፍል ወጥቶ «ዛሬ አልገባቸውም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ሳያፍር ከሚጠይቀው ሰው ነው። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። መምህራን ስለ ማስተማር ከልብ የሚያወሩት ከጥቂት ሰዎች ጋር ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ከ10 በላይ አይቆጥሩም። ወሬውም በር ተዘግቶ፣ በመተማመን የሚካሄድ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት ስብሰባ ይህን አይተካም።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ወደሆነው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ከሄዳችሁ ነገሩ ግልጽ ነው። ራውንድ (የሕሙማን ጉብኝት) ሲወጣ ጀማሪው ሐኪም ከአንጋፋው ጎን ቆሞ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይታረማል። የባልደረባ መገኘት እንደ ስለላ አይቆጠርም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ግን ባልደረባ የመምህር ክፍል ከገባ «ነጥብ ሊሰጥ መጣ» ነው የሚባለው። እውነትም ነው፤ የባልደረባ ምዘና ከተማሪና ከኃላፊ ምዘና ጋር ተደምሮ የአፈጻጸም ውጤት ውስጥ ይገባል። ውጤቱ ደግሞ ዕድገትና የትምህርት ዕድል ይወስናል። እንዲህ ከሆነ ማን ነው ለጓደኛው ድክመቱን የሚያሳየው? ማንስ ነው የጓደኛውን ድክመት የሚጽፈው? እከክልኝ ልከክልህ ሆኖ ሁሉም ለሁሉም ከፍተኛ ነጥብ ይሰጣል። ወረቀቱ ይሞላል፣ መማማሩ ይቀራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን የባልደረባ ነጥብ ከአፈጻጸም ቅጽ እንዲወጣ ነው። በምትኩ የምናቀርበው አሠራር የሦስት ሰው ቡድን ነው። ሁለቱ ከአንድ ትምህርት ክፍል፣ ሦስተኛው ከሌላ፣ ቢቻል ከሌላ ግቢ ይሁን። ሁሉም ከአንድ ክፍል ከሆኑ አንዱ የለመደውን ስሕተት ሌላውም ስለለመደው አይታያቸውም። ከዘንዘልማ የግብርና ግቢ የመጣ ሰው ግን የምሕንድስና ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «ይህን ሁሉ ቀመር ለምን ጻፋችሁት?» ማለት ይችላል። ኃላፊ በቡድኑ ውስጥ አይግባ፤ ምንም ደግ ቢሆን ነገ ፈራሚው እሱ ነውና።

አካሄዱ ይህ ነው። ከክፍሉ በፊት 15 ደቂቃ ይገናኛሉ፤ የሚታየው መምህር አንድ ጥያቄ ብቻ ይመርጣል፤ ለምሳሌ «ጥያቄ ስጠይቅ ጊዜ እሰጣለሁ?» የሚል። ተመልካቹ 50 ደቂቃ ኋላ ተቀምጦ የሆነውን ብቻ ከነሰዓቱ ይጽፋል፦ «2፡14፣ ጠየቁ፤ 2 ሰከንድ ጠበቁ፤ ራሳቸው መለሱ።» «ጥሩ»፣ «ደካማ» የሚሉ ቃላት አይጻፉም። በ2 ቀን ውስጥ 30 ደቂቃ ይወያያሉ፤ መጀመሪያ የሚናገረው የታየው መምህር ነው፤ ማስታወሻውም ለእሱ ይሰጣል፣ ቅጂ አይቀርም። በሴሚስተር እያንዳንዱ 2 ጊዜ ያያል፣ 2 ጊዜ ይታያል። ቢሰላ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ በነፍስ ወከፍ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ የአንድ ቀን ወርክሾፕ እንኳ አይሞላም።

ይኸው ቡድን ፈተና ሲታረም የበለጠ ይጠቅማል፤ የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህማ አስፈላጊነቱ ጨምሯል። ከአንድ ክፍል የሆኑት ሁለቱ መምህራን ነጥብ ያላረፈባቸው 6 ወረቀቶች (2 ጠንካራ፣ 2 መካከለኛ፣ 2 ደካማ የሚመስሉ) ኮፒ አድርገው ለየብቻ ያርሙ። ከ100 የ10 ነጥብ ልዩነት ከወጣ ይነጋገሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአራሚው ጭካኔ ወይም ልግስና አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ይጠይቃል፣ ወይም የመልስ ቁልፉ አንድ መንገድ ብቻ ያውቃል። ያን ለብቻ ተቀምጦ ማየት ይከብዳል።

ኤችዲፒ (ለመምህራን የሚሰጠው የአንድ ዓመት የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና) ይቅር አላልንም። ይሁን እንጂ ዓመቱ አልቆ ሰርተፊኬቱ ሲሰጥ ቡድኑም አብሮ ይበተናል፤ ፖርትፎሊዮው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ሠልጣኞቹ በወጡበት ዓመት በሦስት በሦስት ቢመደቡ ሥልጠናው ቀጣይ ይኖረዋል። ረዳት ምሩቃንም እንዲሁ። «ሜንተር» (አማካሪ መምህር) በደብዳቤ ይመደብላቸዋል፤ ለሜንተሩ ግን ሰዓት አይቆረጥለትም፣ ስለዚህ የሚገናኙት ፊርማ ሲፈለግ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰዓት ነው። ይህ ሥራ በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ ይቆጠር። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከክፍልና ከስብሰባ ነፃ ይሁን፤ ግን የግቢው ሰርቪስ ከመነሣቱ አንድ ሰዓት በፊት የሚያልቅ። ሰርቪስ ያመለጠው መምህር በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። የመምህራን ላውንጅም የትም ግቢ አይዘጋ፤ ለሻይ የተቀመጡ ሰዎች የሚያወሩት ሁሉ ወሬ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ሪፖርት አትጠይቁን። አንድ ለአምስት በተባለው አደረጃጀት ዘመን የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ውይይቱ ቀረ። ትምህርት ክፍሎች የሚልኩት የተገናኙበትን ቀን ብቻ ይሁን፤ የተባለውን አይጻፉ።

የሚቀጥለው ሴሚስተር የክፍለ ጊዜ ድልድል ከመውጣቱ በፊት መልሳችሁ ቢደርሰን የከሰዓቱን ክፍት ጊዜ አስቀድሞ ማስያዝ ይቻላል፤ ድልድሉ ከወጣ በኋላ ግን ባዶ ክፍል አይገኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
በማስተማር ሥነ ዘዴ ላይ የምንሠራ መምህራን
ባሕር ዳር