ሰናይዬ፣ የሐሞት ጠጠሩ ወጥቷል፤ ሕመሙ ግን አለ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለሰናይት፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማስ ደህና ናቸው? ባሕር ዳር ዝናቡ አባራላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ።

ስልክሽን ሳላነሳ፣ ቴሌግራም ላይ የላክሽልኝን ድምፅ እየሰማሁ ሳልመልስ ብዙ ወራት አለፈ። አንቺ እንደምትጨነቂ እንጂ እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ። «ተሻለሽ ወይ?» ትዪኛለሽ፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። በደብዳቤ ሲሆን ግን ረጋ ብዬ ሁሉንም ልነግርሽ የምችል መሰለኝ።

ሲጀምረኝ ፋሲካ ነበር። 55 ቀን ጾመን፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን መጥተን በዶሮ ወጥ ፈሰክን። ቅቤው ከላይ ወርዶበት ያበራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከጎድን አጥንቴ ሥር ቀኝ ጎኔን ጨምድዶ ያዘኝ። ወደ ጀርባዬ ዞረ፤ ከዚያ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ወጣ። አስመለሰኝ። ቤተሰቡ ሁሉ «ጾም የከረመ ሆድ ነው፣ ቅባት በዛበት» አለ። ነገሩ ከፊሉ እውነት ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

እኛ አገር ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ይባላል። እኔም ጨጓራ ተባልኩ። የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ተሰጠኝ፣ ጨረስኩት። ጎረቤት ተልባ በጥብጣ መጣች። አክስቴ ፌጦ በሎሚ አለችኝ። ጸበልም ጠጣሁ፤ ለመንፈሴ ረድቶኛል። ሕመሙ ግን ለሳምንታት ተወት ያደርገኝና ክትፎ ወይም ጥብስ ያለበት ቦታ ስሄድ ተመልሶ ይመጣል።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም አልትራሳውንድ አዘዘችልኝ። ቀዝቃዛውን ቅባት ቀብተው መሣሪያውን ከጎድኔ ሥር ጫን አደረጉት። «ትንፋሽሽን ያዢ» ተባልኩ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ጥቁር ከረጢት ውስጥ ነጫጭ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ጥላ ይወርዳል። «እስቲ በግራ ጎንሽ ተኚ» ሲሉኝና ስገለበጥ ጠጠሮቹ አብረውኝ ተንከባለሉ። ሰናይዬ፣ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከድንጋጤ አይደለም። ያ ሁሉ ሕመም በዓይን ስለታየልኝ ነው።

ሐኪሟ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ጉበት በቀን እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ይሠራል። የሐሞት ከረጢት ከዚያ ላይ ጥቂቱን፣ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰውን፣ አወፍሮ ያስቀምጣል። ቅባት ወደ አንጀት ሲደርስ በደም ውስጥ መልእክት ይተላለፍና ከረጢቱ ይጨመቃል። ጠጠሩ አንገቱ ላይ ከተሸጎጠ ያ ጭምቂያ መውጫ ያጣል። የፋሲካው ነገር ይኸው ነበር።

ያለ ሐሞት ከረጢት መኖር ይቻላል ወይ ብዬ ፈርቼ ነበር። ይቻላል። ካርል ላንገንቡክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1882 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሐሞት ከረጢት አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱ ያለ እሱ ኖሯል። ለእኔ በካሜራ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው የተሠራልኝ። ቶሎ ወደ ቤቴ ገባሁ። ለጥቂት ወራት ሰው ሆንኩ።

ከዚያ ተመለሰ። ያው ቦታ፣ ያው ጊዜ፣ ያው ትከሻ።

ሌሊት ሲነሳብኝ ምን እንደሚመስል ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። መተኛት አልችልም፣ መቀመጥም አልችልም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ግንባሬን ፍራሹ ላይ እደፋለሁ፤ ቀኝ እጄን ጎኔ ውስጥ እወትፋለሁ። እነሳለሁ፣ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ፣ ተመልሼ እንበረከካለሁ። ባለቤቴ ውኃ አሙቆ በላስቲክ ያመጣልኛል። ልጆቹ እንዳይሰሙ ፎጣ እነክሳለሁ። አንዳንዴ የኪዳን ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን እስኪሰማ እንዲህ ነኝ። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ቢሮ እገባለሁ። ማንም አያውቅም።

ሰው «ጠጠሩ ወጥቷል እኮ!» ይለኛል። አንድ ሐኪም ደግሞ የደም ምርመራውንም አልትራሳውንዱንም አየና «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ አሰናበተኝ። ከቀዶ ጥገናው በላይ የጎዳኝ ያ ቃል ነው። ሰናይዬ፣ ጭንቀትማ አለብኝ። መቼ እንደሚነሳ የማታውቂው ሕመም ውስጥሽ ካለ እንዴት አትጨነቂም? ሕመሙን ያመጣው ግን ጭንቀቱ አይደለም።

አሁን የሚያየኝ ሐኪም የተለየ ሰው ነው። ከረጢታቸው ከወጣላቸው ሰዎች ከአሥሩ ቢያንስ አንዱ ሕመም እንደሚቀረው እሱ ነው የነገረኝ። አንዳንዱ ላይ ቱቦው ውስጥ ጠጠር ተረስቶ ይገኛል። ለዚህ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ወረቀቱ ላይ የሐሞት ቱቦዬ «በመጠኑ ሰፋ ብሏል» ይላል፤ ያን ቃል ይዤ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ከረጢቱ ሲወጣ ቱቦው ትንሽ መስፋቱ የተለመደ እንደሆነ ሐኪሙ በማግሥቱ ነገረኝ። ጠጠር የለም።

የቀረው ጡንቻው ነው አለኝ። ቱቦው አንጀት ውስጥ በሚገባበት አፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ትንሽ ጡንቻ አለ። ሩጌሮ ኦዲ የተባለ ጣሊያናዊ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ በ1887 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ ስለጻፈ የኦዲ ጡንቻ ይባላል። እሱ በማይሆን ሰዓት ሲኮማተር፣ ወይም በአካባቢው ያሉት ነርቮች ከረጅም ሕመም በኋላ በትንሹም በትልቁም መጮህ ሲለምዱ፣ እንዲህ ያማል። በአፍ በሚገባ ካሜራ ጡንቻውን መቅደድ አለ። ግን እንደኔ ምርመራቸው ደህና ለሆነ ሰዎች ያ ቅደት ሳይቀደዱ የማስመሰል ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻለ እንዳልረዳቸው በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል፤ ቆሽትን የማስቆጣት አደጋም አለው። «አልነካሽም» አለኝ። ያን ቀን ሐኪም አንድ ነገር አላደርግም ሲል እሱም መታከም እንደሆነ ገባኝ።

ኮዴን ያለበት ማስታገሻ ደግሞ ይህንኑ ጡንቻ ሊያጠብቀው ስለሚችል ከለከለኝ። ቡስኮፓን የሚባለው የቁርጠት ማስታገሻ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ማታ ማታ አነስተኛ አሚትሪፕቲሊን እወስዳለሁ። የፋርማሲው ልጅ «ይሄ እኮ የድብርት ነው» ብሎ ቀና ብሎ አየኝ። ለነርቭ ሕመምም ይሰጣል። እየረዳኝ ነው፤ ቢያንስ እንቅልፍ አገኛለሁ፣ ሌሊቶቹም ተራርቀዋል። ድኛለሁ ግን አልልሽም።

ምግቡ ቀላል ነው። ሽሮ በትንሽ ዘይት፣ የድንች አልጫ፣ ጎመን፣ ትንሽ ትንሽ እየከፋፈልኩ። ከባዱ ሰው ነው። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ማኅበር ላይ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ተብሎ ክትፎ የተጠቀለለበት ጉርሻ አፌ ድረስ ሲመጣ ምን እላለሁ? እምቢ ካልኩ ናቅሽኝ ነው። ከጎረስኩ ሌሊቱን ከፍራሹ ጋር ነኝ። አሁን አሁን ድግስ መሄዱን ቀንሻለሁ። ይህም ያስከፋኛል፤ ሰው እወዳለሁና።

ላንቺ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። «ተሻለሽ?» አትበዪኝ። «ዛሬ እንዴት ነሽ?» በዪኝ። ለዚህ መልስ አለኝ። ዛሬ ለምሳሌ ደህና ነኝ፤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ደግሞም ስታዪኝ ወፍራም፣ ፊቴ የበራ ሆኜ ብታገኚኝ፣ ሕመሙን እመኚኝ። ለገና ስትመጪ ዶሮውን ለእናንተ እሠራለሁ፣ አጠገባችሁ ሽሮዬን እበላለሁ፤ ማንም እንዳያጎርሰኝ አንቺ ትጠብቂኛለሽ።

አሁን ደግሞ ስለ እማማ። ባለፈው በድምፅ መልእክትሽ ጨጓራቸው ሌሊት እንደሚነሳባቸው፣ ቅባት ከበሉ በኋላ እንደሆነ፣ ጀርባቸውንም እንደሚያማቸው ነግረሽኝ ነበር። ልቤ አላረፈም። ጠጠር ነው አልልሽም፤ ግን አልትራሳውንድ ይታዩ። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ውሰጃቸው፤ ከበሉ ከረጢቱ ተጨምቆ ስለሚቆይ በደንብ አይታይም። ዓይናቸው ቢጫ ካለ፣ ሽንታቸው እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ወይም ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላቸው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቤት እንዳይቀመጡ። ቱቦው ተዘግቶ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። እማማ «እኔን ምንም አይለኝም» ይሉሻል፣ አውቃቸዋለሁ። አንቺ ግን እሺ አትበያቸው።

ውጤቱን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ደውዪልኝም፤ አነሳለሁ።

እህትሽ ሂሩት