ስለ ዚፑ ልንገርሽ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው በስልክ «የሚገባውን በቀረጥ ማጠር፣ የሚወጣውን ማብዛት፤ ይሄ ምን ይከብዳል?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

ጃኬት ሰፍተሽ ወደ ውጭ ትልኪያለሽ እንበል። ጨርቁም ዚፑም ከውጭ ነው የሚመጣው። ዚፑ ላይ ቀረጥ ሲጣል ጃኬትሽ ይወደዳል። የውጭው ገዢ ደግሞ ያንቺ ቀረጥ ጉዳዩ አይደለም፤ ረከስ ያለ ሲያገኝ ጥሎሽ ይሄዳል። ስለዚህ ቀረጡን ጉምሩክ ላይ የከፈለው አስመጪው ቢሆንም፣ ዳፋው የተረፈው ላንቺ ለላኪዋ ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ስውር ነው። በታጠረ ገበያ ውስጥ ለአገር ቤት መሸጥ ያለ ብዙ ልፋት ያተርፋል። ታዲያ ከዓለም ጋር እየተፎካከረ የሚላላጠው ማነው? ገንዘቡም ጎበዙ ሰውም ወደ ቀላሉ ትርፍ ይሄዳል። አባ ለርነር የሚባል ኢኮኖሚስት (መነኩሴ እንዳይመስልሽ፣ ስሙ ነው) የገቢ ንግድ ቀረጥ ዞሮ ዞሮ የወጪ ንግድ ቀረጥ መሆኑን በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) አሳይቷል።

ደቡብ ኮሪያን ታነሺ ይሆናል። እሷም እኮ ገበያዋን ወለል አድርጋ አልከፈተችም። በ1964 የገንዘቧን ምንዛሪ በግማሽ ገደማ ዝቅ አደረገች፤ ዕቃዋም ለውጭ ገዢ ረከሰ። ለላኪዎች ደግሞ ጥሬ ዕቃው ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደች። አጥሩ ቆመ፣ ላኪው ግን በጎን በር አለፈ። ያን ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ የነበረው የወጪ ንግዷ በ1977 10 ቢሊዮን ደረሰ። ይህ የጎን በር ቀልጣፋ ጉምሩክ ይፈልጋል። ላኪው ቀረጡን ቀድሞ ከፍሎ ኋላ የሚመለስለት ከሆነና ተመላሹ ዓመት ሙሉ ቢሮ ውስጥ ከከረመ፣ አነስተኛው ላኪ ገንዘቡ ተይዞበት ቀድሞ ይከስራል።

የጋና ነገር ግን ያሳዝነኛል። በ1960ዎቹ በካካዎ ምርት ከዓለም አንደኛ ነበረች። በኋላ መንግሥት የገንዘቧን ተመን ከልክ በላይ ሰቅሎ ያዘ፤ የካካዎው ዶላር ሲመነዘር የሚገኘው የአገር ገንዘብ አነሰ፤ ለገበሬውም የሚደርሰው ዋጋ ትንሽ ነበር። ገበሬው ምን ያድርግ? አንዳንዱ ካካዎውን በኮንትሮባንድ ወደ ኮትዲቯር አሻገረ፤ ሌላው ማሳውን መንከባከብ ተወ። ተመን በአንድ ውሳኔ ይስተካከላል፤ አዲስ የተተከለ የካካዎ ዛፍ ግን ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይጠበቃል።

የኮሪያ ላኪዎች ያገኙትን ርካሽ ብድር ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ። እሁድ ደውዪና እንከራከርበት።

አባትሽ