የኮሶ ትልን ከከብት አልወረስነውም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ኮሶ ትል ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ በማይክሮስኮፕ የታየ አንድ ክብ እንቁላል ፎቶግራፍ ታትሞ፣ «የከብት ኮሶ ትል እንቁላል» የሚል መግለጫ ተሰጥቶታል። በላቦራቶሪ ሙያ ለረጅም ዓመታት የሠራሁ እንደመሆኔ መግለጫው እንዲታረም ላሳስብ እወዳለሁ። ታንያ በሚለው ሳይንሳዊ ስም ከሚጠሩት የኮሶ ትሎች መካከል ከከብት ሥጋ የሚመጣው የታንያ ሳጂናታና ከአሳማ ሥጋ የሚመጣው የታንያ ሶሊየም እንቁላሎች በማይክሮስኮፕ ስለማይለያዩ፣ እንቁላሉን ብቻ አይቶ የየትኛው ነው ማለት አይቻልም። ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ የሶሊየም እንቁላል ወደ ሰው ሆድ ከገባ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ እስከ አንጎል ሊደርስ ይችላል።

ሁለቱን የሚለየው ማህፀናቸው ነው። ታማሚው በክብሪት ቀፎ ወይም በብልቃጥ ይዞት የሚመጣው ከትሉ የተቆረጠ ነጭ፣ ጠፍጣፋ ቁራጭ በሁለት ስላይዶች መካከል ተጭኖ ወደ ብርሃን ሲያዝ፣ በመሐሉ ቀጥ ብሎ የሚወርድ የማህፀን ግንድና ከግንዱ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ቅርንጫፎች ይታያሉ፤ ካልጠራ በቀጭን መርፌ ጥቁር ቀለም ይገባበታል። በአንድ ወገን ያሉት ቅርንጫፎች ከ15 እስከ 30 ከሆኑ ሳጂናታ፣ ከ7 እስከ 13 ከሆኑ ሶሊየም ነው። ቆጠራው ከግንዱ ሥር መሆን አለበት፤ ጫፎቹ እንደገና ስለሚከፋፈሉ ጀማሪ ከዚያ እየቆጠረ ይሳሳታል።

ጸሐፊው ትሉን «እንስት» ማለታቸውም ልክ አይደለም። በጠፍጣፋ ጥገኛ ትሎች ዘንድ ወንድና ሴት ተለይተው የሚገኙት በቢልሃርዚያና በጥቂት ሌሎች ብቻ ሲሆን፣ የኮሶ ትል ግን ፍናፍንት ነው። በአንገቱ አጠገብ ያሉት ቁራጮች ገና ምንም አልያዙም፤ ወደ ታች ሲወረድ መጀመሪያ የወንዱ፣ ቀጥሎ የሴቷ አካል ይበስላል፤ ጅራቱ ጋ ሲደረስ ሌላው ሁሉ ከስሞ እንቁላል የሞላው ማህፀን ብቻ ይቀራል። ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ይህ የመጨረሻው ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም። ወንድና ሴት ተለይቶ የሚበቅለውስ የኮሶ ዛፍ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገውም የሴቷ አበባ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ «ሰው ይህን ትል የወረሰው ከብት ማርባት ሲጀምር ነው» የሚለው አረፍተ ነገር ነው። የታንያ ዝርያዎች የአካል አሠራር እርስ በርስ ተነጻጽሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 የታተመ ጥናት፣ የሳጂናታ የቅርብ ዘመድ በአንበሳ፣ የሶሊየም ደግሞ በጅብ አንጀት የሚኖር ትል መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ከሆነ ትሉ ወደ ሰው የገባው የሰው ቅድመ አያቶች በአፍሪካ ሜዳ ላይ አንበሳና ጅብ የሚያድኗቸውን እንስሳት መብላት በጀመሩበት ዘመን ነው፤ ከብት የለመደው ግን ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። በሬና ላም ትሉን ያገኙት እንግዲህ ከእኛ ነው።

የፎቶግራፉ መግለጫ «የታንያ እንቁላል» ተብሎ ቢስተካከል በቂ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ