«ልጅቷ እኮ ቀላል ናት»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ብየዳ ቤት አለኝ። በቀደም የአንድ ሰርከስ ቡድን ሰው መጣና ቶንዲኖ አጥፌ መንጠቆ እንድሠራለት፣ አዳራሽ ጣሪያ ላይም እንድበይድለት ጠየቀኝ። ጨርቅ ሊያንጠለጥሉበት፣ ልጆች ሊወጡበት ነው። አይችልም ስለው «ልጅቷ እኮ ቀላል ናት፣ 45 ኪሎ ብትሆን ነው» አለኝ። አልሠራም አልኩት። ተቀየመኝ፤ ይቀየም።

45 ኪሎ 45 የሚሆነው ዝም ብላ ከተንጠለጠለች ነው። ጨርቁን ወገቧ ላይ ጠምጥማ 2 ሜትር ቁልቁል ተለቃ ጨርቁ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቀጥ ካደረጋት፣ መንጠቆው ላይ የሚያርፈው በአማካይ የክብደቷ 5 እጥፍ፣ 225 ኪሎ ያህል ነው። የማይለጠጥ ጨርቅ ከሆነ ይብሳል፣ ምክንያቱም የምትቆምበት ርቀት ያጥራል። ዥዋዥዌውም ቢሆን ገመዱ አግድም እስኪሆን ተስባ ከተለቀቀች ታች ስታልፍ 3 እጥፍ ይከብዳል። «ትናንት ሦስት ጎረምሶች ተንጠልጥለንበት ችሏል» ነበር ሌላው ማስረጃው። ሦስት ጎረምሳ በ60 ኪሎ ቢታሰብ 180 ነው። ከአንዷ ልጅ ያንሳል!

ደግሞ ጣሪያው። የባህር ዛፍ ትራስ (ጣሪያውን የሚይዘው የእንጨት አጥንት) በምስማር የተመታው ቆርቆሮ እንዲሸከም ነው። ልጅ ስትወዛወዝ ወዲያና ወዲህ ወደ ጎን ይጎትተዋል፣ ምስማሩም ቀስ እያለ ይላላል፣ ከታች ሆኖ የሚያየው የለም። ፍራሽ እናነጥፋለን ይላሉ። ጥሩ ነው፣ እጇ ላመለጣት ልጅ ይጠቅማል፤ ትራሱ አብሯት ከወረደ ግን ፍራሹ ምን ያደርጋል?

ያመጣውን ካራቢነርም (ጨርቁን ከመንጠቆው ጋር የሚያያይዘውን መዝጊያ ያለው የብረት ቀለበት) አየሁት። ብረቱ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ በቁመቱ 22፣ በጎኑ 7 ኪሎ ኒውተን ይላል። 1 ኪሎ ኒውተን 100 ኪሎ ግድም ነው። ዞሮ በጎኑ ከተጫነ አቅሙ ከሲሶ አያልፍም ማለት ነው። የመዝጊያው ስፕሪንግ ደግሞ ሞቷል፣ ስገፋው እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለውን መጣል ነው።

ሰርከሱ ይቅር አላልኩም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ እኔም ቆሜ አጨበጭባለሁ። ግን የአዳራሽ ባለቤቶችም ሆናችሁ አሠልጣኞች፣ የሕንፃ መሐንዲስ ሳያይላችሁ ጣሪያ ላይ ምንም አትስቀሉ። ጣሪያው አይሆንም ካለ ለብቻው የሚቆም የብረት ፍሬም ይሠራል። መሐንዲሱ ልኩንና ውፍረቱን ጽፎ ይስጣችሁ፤ ብረቱን ግዙ፣ የብየዳውን እጅ ዋጋ አልጠይቅም።

ከደብረ ብርሃን